ጌም ቤቱ በፍላሽ

40 ኪሎባይት። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ከነሙዚቃው፣ ከነደረጃዎቹ፣ ከነጠላቶቹ የሚይዘው ቦታ ይኼው ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ተራ ፎቶ የዚህን መቶ እጥፍ ቢሆን አይገርምም። መርካቶ ከሚሸጡት 8 ጊጋባይት ፍላሾች አንዱን ገዝታችሁ ማሪዮን ብቻ እየደጋገማችሁ ብትሞሉበት ወደ 195 ሺህ ኮፒ ይይዝላችኋል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ከሆነ አሮጌ ጌሞችን ማቆየት ቀላል ሥራ መሆን ነበረበት። አይደለም። እነዚያ 40 ኪሎባይቶች ብቻቸውን ሲታዩ ዝም ብለው ቁጥሮች ናቸው። የተጻፉት ለአንድ የተወሰነ ማሽን ነው፤ ማሽኑ ከሌለ የሚያነባቸው የለም። ማሽኑ ደግሞ ያረጃል። የካሴቱ መሰኪያ ይዝጋል፣ የሲዲው ሌንስ ማንበብ ያቅተዋል፣ መለዋወጫ የሚያመርትለት ይጠፋል።

ዛሬ ግን በደርዘን የሚቆጠሩ እንደዚህ ያሉ ማሽኖች አንድ ፍላሽ ላይ ተሰብስበው፣ ፍላሹ የተሰካበትን አሮጌ ላፕቶፕ ወደ ጌም ቤት ይለውጡታል። ይህን የሚያደርጉት ባቶሴራ፣ ላካ፣ ሪካልቦክስ የሚባሉ ነጻ ሲስተሞች ናቸው። ብዙዎቻችን "አሪፍ ነገር ነው" ብለን እንጫወትባቸውና እናልፋለን። ከኋላቸው ግን ስልሳ ዓመት የፈጀ ታሪክ አለ፤ መጀመሪያውም ከጌም ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

የአይቢኤም ራስ ምታት

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአይቢኤም 1401 ኮምፒውተር ገበያውን ይዞት ነበር። ብዙ ድርጅት ደመወዝና ሒሳብ የሚሠራው በእሱ ነው። ኩባንያው በኤፕሪል 1964 ሲስተም/360 የተባለ አዲስ የኮምፒውተር ቤተሰብ ይፋ ሲያደርግ ግን አንድ ችግር ተደቀነበት፦ አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ቋንቋ አያውቅም። ደንበኛው "ዓመታት ያስጻፍኩትን ፕሮግራም ሁሉ እንደገና ላስጽፍ ነው እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። እንደገና የሚያስጽፍ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ኩባንያ ቢገዛስ ማን ይከለክለዋል? ሃኒዌል የተባለው ተፎካካሪ እኮ የ1401ን ፕሮግራሞች ወደ ራሱ ማሽን የሚያሻግር ኮምፒውተር በ1963 መጨረሻ አስተዋውቆ ደንበኛ መሳብ ጀምሯል።

አይቢኤም ያገኘው መልስ አሮጌውን ማሽን አዲሱ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። የሲስተም/360 ሞዴል 30 እንደ 1401 ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ ረቂቅ ኮድ ተጻፈለት። ደንበኛው የድሮ ፕሮግራሙን ይጭናል፣ አዲሱም ማሽን "እኔ 1401 ነኝ" ብሎ ይቀበለዋል። "ኢሙሌተር" የሚለው ቃል በኮምፒውተር ዓለም ይህን ትርጉም ይዞ የተወለደው እዚያው አይቢኤም ውስጥ ነው።

ኢሙሌተርን ለመረዳት ችሎት ላይ የቆመ አስተርጓሚ አስቡ። ምስክሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ አስተርጓሚው ሰምቶ በዳኛው ቋንቋ ይደግመዋል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይጠብቃል። ምስክሩ ቋንቋውን መቀየር የለበትም። ዳኛውም እንደዚያው። ኢሙሌተርም የአሮጌውን ፕሮግራም ትእዛዝ አንድ በአንድ እያነሳ አዲሱ ፕሮሰሰር በሚገባው ቋንቋ ይፈጽመዋል። በዚህም የተነሳ ሥራው አድካሚ ነው፤ አንዷን አሮጌ ትእዛዝ ለመፈጸም ብዙ አዳዲስ ትእዛዞች ያስፈልጋሉ።

ለጌም ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ኔንቲዶ ፋሚኮምን ጃፓን ውስጥ ያወጣው በጁላይ 1983 ነው። ፕሮሰሰሩ በሴኮንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ፣ የሥራ ማስታወሻው 2 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በሴኮንድ ወደ 60 ምስል ያወጣል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምስል የሚደርሰው ወደ 29,780 የፕሮሰሰር ምት ነው። ፕሮሰሰሩ አንዴ ሲመታ ምስል የሚሥለው ቺፕ ሦስት ነጥብ ይራመዳል፣ የድምፅ ክፍሉም በራሱ ሰዓት ይሄዳል። የጌም ጸሐፊዎቹ ይህን ሰዓት በልባቸው ያውቁት ነበር፤ የቴሌቪዥኑ ጨረር ስክሪኑ መሐል ሲደርስ ምስሉን የሚቀይር ተንኮል ሁሉ ይጽፉ ነበር። ኢሙሌተሩ እንግዲህ አንድ አስተርጓሚ ብቻ መሆን አይበቃውም። ሦስት ሰው ሆኖ፣ ሦስቱንም በአንድ ምት ማስጨፈር አለበት።

ራሱን የሚያጠፋው ባትሪ

የቤት ኮምፒውተር ይህን ሸክም መሸከም የቻለው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1996 ማራት ፋይዙሊን አይኔስ የተባለውን የፋሚኮም ኢሙሌተር አወጣ፤ ጌሙ ፋይል ሆኖ ሲቀመጥ መጀመሪያው ላይ የሚጻፈው የእሱ 16 ባይት መግለጫ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በኤፕሪል 1997 የመጣው ኔስቲክል ደግሞ በጊዜው ተራ በሚባል ኮምፒውተር ላይ ፈጥኖ ስለሚሠራ፣ በነጻም ስለተለቀቀ፣ የብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ ኢሙሌተር ሆነ።

ከሁሉም ግን ረጅም መንገድ የሄደው ማሜ ነው። ኒኮላ ሳልሞሪያ የተባለ ጣሊያናዊ በፌብሩዋሪ 1997 ያወጣው ይህ ፕሮግራም፣ ሳንቲም የሚበሉትን ትልልቅ የመጫወቻ አዳራሽ ማሽኖች አንድ ጣራ ሥር ለመሰብሰብ የተነሳ ነው። የማሜ ሰዎች ዓላማቸውን ሲናገሩ ጌም መጫወትን አያስቀድሙም። ሥራችን ማሽኖቹ እንዴት እንደሚሠሩ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው ይላሉ፤ መዝገቡ ትክክል ከሆነ ጌሙ ይነሳል፣ መጫወቱ የጎን ትርፍ ነው።

ይህ አነጋገር የሰነፍ ተማሪ ሰበብ ይመስል ይሆናል። የካፕኮምን ታሪክ ስትሰሙ ግን ይገባችኋል። ካፕኮም፣ ያው የስትሪት ፋይተር ባለቤት፣ ከ1993 ጀምሮ ያወጣቸው ሲፒኤስ-2 የተባሉ ቦርዶች ኮፒ እንዳይደረጉ በሚስጥር ኮድ ተቆልፈው ነበር። የቁልፉ ቁጥር የተቀመጠው ባትሪ በሚይዘው ማስታወሻ ላይ ነው። ባትሪው ሲያልቅ ቁልፉ ይጠፋል፣ ቦርዱም ይሞታል። ሰብሳቢዎች "ራሱን የሚያጠፋ ባትሪ" ይሉታል። ማሽኑን በሕጋዊ መንገድ የገዛው ሰው ምንም ሳያጠፋ፣ ዕድሜ ብቻ ጌሙን ይነጥቀዋል ማለት ነው። በ2007 ሳልሞሪያና አንድሪያስ ናይቭ በሚል ስም የሚታወቀው ባልደረባው የሚስጥር ኮዱን አሠራር ሙሉ በሙሉ ፈቱት። የሞቱት ቦርዶች የሚነሱበት መንገድ የተከፈተው በጥበቃው ባለቤት ሳይሆን ጥበቃውን በፈቱት ሰዎች ነው።

ሕጉ ምን አለ?

ኩባንያዎቹ ዝም አላሉም። በጃንዋሪ 1999 ስቲቭ ጆብስ ማክዎርልድ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ የሠራውን ቨርቹዋል ጌም ስቴሽን አስተዋወቀ፤ የፕሌይስቴሽን ሲዲ ማክ ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም ነው። ፕሌይስቴሽን በወቅቱ ገና ገበያ ላይ ነበር። ሶኒ ወዲያው ከሰሰ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፦ የኮኔክቲክስ መሐንዲሶች ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሶኒን ባዮስ እየገለበጡ አጥንተዋል። ለሽያጭ ያወጡት ኮድ ግን ራሳቸው የጻፉት ነው። ለጥናት ሲባል መገልበጡ ስርቆት ነው ወይስ አይደለም? በፌብሩዋሪ 2000 የአሜሪካ ዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ማሽኑን ለመረዳት የተደረገው ግልበጣ የተፈቀደ አጠቃቀም ነው አለ።

ፍርዱ ግን ኩባንያውን አላቆየውም። ሶኒ በ2001 ፕሮግራሙን ገዝቶ ሽያጩን አቆመው። ብሊም የተባለው ሌላው የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተርም ፍርድ ቤት ላይ ሳይሸነፍ፣ በክርክር ወጪ ተዳክሞ በዚያው ዓመት ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ኢሙሌተሮች አብዛኞቹ ነጻና ክፍት ኮድ የሆኑት በከንቱ አይደለም። ኩባንያ ይገዛል ወይ ይከስራል፤ በሺህ ኮምፒውተር ላይ የተበተነ ኮድ ግን ማን ገዝቶ ይጨርሰዋል?

ልዩነቱን ግን እንያዝ። ኢሙሌተሩ ሕጋዊ ነው ማለት ከኢንተርኔት የሚወርደው ጌም ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። ባቶሴራም ሲወርድ የኩባንያ ጌምም ሆነ የፕሌይስቴሽን ባዮስ ይዞ አይመጣም።

ከሲዲ ወደ ፍላሽ

ኢሙሌተር አለ እንበል። ኮምፒውተሩ የእናንተ ካልሆነስ? ወይም ያው አንዱ ላፕቶፕ የታላቅ እህታችሁ የሥራ ዕቃ ከሆነ? እዚህ ላይ ሌላ ታሪክ ይገባል።

በ2000 ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ ክኖፒክስን አወጣ። ሙሉ የሊኑክስ ሲስተም ከሲዲ ላይ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩን አይነካም፤ ሲዲው ወጥቶ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ምንም አልነበረም። 700 ሜጋባይት ሲዲ ላይ ወደ 2 ጊጋባይት የሚሆን ሶፍትዌር የገባው ታምቆ ነው፤ ሲስተሙ የሚፈልገውን ቁራጭ ብቻ እያነሳ ይፈታዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቢኤም ዲስክኦንኪ የተባለውን፣ ኤም-ሲስተምስ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራውን ፍላሽ መሸጥ ጀመረ። የሚይዘው 8 ሜጋባይት ነበር፤ ከፍሎፒ አምስት እጥፍ ስለሚበልጥ ያኔ ትልቅ ነገር ነው። ቀስ በቀስ ፍላሹ አደገ፣ ኮምፒውተሮችም ከዩኤስቢ መነሳት ለመዱ፣ የክኖፒክስ ሐሳብም ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተሻገረ።

በ2012 ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችው የ35 ዶላር ኮምፒውተር መጣች። ሬትሮፓይ በእሷ ላይ ተሠራ፣ ቀጥሎ ፈረንሳይ ውስጥ ሪካልቦክስ ተወለደ፣ ከሪካልቦክስ ተገንጥሎም በ2016 ባቶሴራ ወጣ። ባቶሴራ ከትንንሾቹ ቦርዶች አልፎ ተራ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ላይ ስለሚሠራ፣ ውድ ዕቃ ማስመጣት ለሚከብደው እንደ እኛ ላለ አገር ይመቻል። በቢሮ ጥግ የተጣለ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

አሠራሩ ፍላሹን ለሁለት ከፍሎ ነው። አንደኛው ክፍል ላይ ሲስተሙ ራሱ፣ ስኳሽኤፍኤስ በተባለ ዘዴ ታምቆ፣ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ተቀምጧል። ይህ ፋይል ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ሲስተሙ እየሠራ የሚቀይራቸው ነገሮች ራም ላይ በተዘረጋ ስስ ሽፋን ይጻፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሽፋኑ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ክፍል የእናንተ ነው፦ ጌሞቹ፣ ባዮሶቹና ሴቭ ያደረጋችሁት ሁሉ እዚያ ይገባል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከፍላሹ ጀምር ትሉታላችሁ (በብዙዎቹ ላይ በኤፍ 12 ወይም በኢስኬፕ ነው፤ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ማጥፋትም ሊያስፈልግ ይችላል)፣ ጆይስቲክ ትሰካላችሁ፣ በቃ። የእህታችሁ ፋይል ካለበት አይንቀሳቀስም።

መብራት ድንገት ሲሄድ የዚህ አሠራር ጥቅሙ ይታያል። የታመቀው ሲስተም ላይ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ፣ ተቋርጦ የሚበላሽም የለውም። አደጋው ያለው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ሴቭ እየተጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ያ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ፍላሹን ዝም ብሎ መንቀል አይመከርም።

የማይገለበጠው

ሁሉም ነገር ግን ፍላሽ ላይ አይወጣም። ዳክ ሀንት የተባለውን ዳክዬ የማደን ጌም አስታውሱ። ሽጉጡ የድሮው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ምስሉን በጨረር መስመር በመስመር የሚሥልበትን ቅጽበት ተጠቅሞ ነው የሚያነጣጥረው። በጠፍጣፋው ቲቪ ላይ ሽጉጡ ዕውር ነው። ጌሙን ይዘነዋል፣ ማሽኑንም ይዘነዋል፤ ቲቪው ግን አመለጠን።

ረቂቅ የሆነም አለ። በሱፐር ፋሚኮም ላይ በወጣው የስፒዲ ጎንዛሌስ ጌም አንድ ደረጃ ላይ የሚረገጥ ቁልፍ አለ፤ ብዙ ኢሙሌተሮች እዚያ ሲደርሱ ጌሙ ይቆማል። ጌሙ ምንም ነገር የሌለበትን የማስታወሻ አድራሻ ያነብ ስለነበር ነው። እውነተኛው ማሽን ላይ ባዶ አድራሻ ሲነበብ፣ ቀድሞ ሽቦው ላይ ያለፈው ቁጥር ትርፍራፊ ይገኛል፤ ጌሙም ሳያውቅ በዚያ ትርፍራፊ ይኖር ነበር። ቢኤስኔስን የጻፈው ፕሮግራመር ይህን ምሳሌ አንስቶ፣ እውነተኛ ታማኝነት ከተፈለገ ያን ትንሽ የ1990 ማሽን ለማስመሰል 3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል ሲል በ2011 ተከራክሯል። ታማኝነት ውድ ነው።

ከዚህም በላይ የማይገለበጠው ጌም ቤቱ ራሱ ነው። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ጌም ቤት ማለት አንድ ክፍል፣ ሁለት ቲቪ፣ አግዳሚ ወንበርና ተራ የሚያስይዝ ልጅ ነበር። የተሸነፈ ይነሳል። ሜሞሪ ካርድ ያለው ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ነው፤ 128 ኪሎባይት ይዛ 15 ክፍል ብቻ ስላላት የማንን ሴቭ አጥፍቶ የማንን እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው እሱ ነው። "9999 ጌም" የሚል የተለጠፈባቸው፣ ከፍታችሁ ስታዩአቸው ያንኑ ጥቂት ጌም ስም እየቀያየሩ የሚደጋግሙ የፋሚኮም አስመሳይ ካሴቶችም ነበሩ። በየትኛው ዓመት የት ሰፈር ተከፈቱ? ቲቪው ከየት መጣ? ሒሳቡ ስንት ነበር? ይህን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመታቸው ነው። መዝገቡ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ ኢሙሌተር የለውም።

ጌም የበለጸገ ኢንዱስትሪ ባለበት አገርም ነገሩ ብዙ አይሻልም። በ2023 ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ያወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳየ። ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪ ከርቀት ማሳየት እንዲችሉ የቀረበውን ጥያቄም የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ በ2024 አልተቀበለውም። ባለቤቱ አይሸጠውም፣ ቤተ መጻሕፍቱ አያውሰውም። ታሪኩ በአብዛኛው በአማተሮች እጅ ነው።

ጌም ያልሆነው

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለማሪዮ ብቻ ብዬ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የትውልድ ከተማቸውን ታሪክ ለአሥር ዓመት የጻፉበትን ኮምፒውተር ይዘው መጡ። ማዘርቦርዱ ሞቷል። ፋይሎቹን አውጥቼ በእኔ ላፕቶፕ ስከፍት ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ሆነ። "ጋሼ፣ ጽሑፉ አለ፤ ግን አይነበብም" አልኳቸው። "ልጄ፣ አለና አይነበብም ማለት ምን ማለት ነው?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች፣ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የተጠቀምንባቸው፣ የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። አንድ ፎንት ያለው ቦታ ደግሞ ቢበዛ 256 ነው፤ ፊደላችን ከነቁጥሩና ከነምልክቱ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ፎንት ፊደሉን ከቁራጭ ይገጣጥማል፣ ሌላው ለሁለት ያከፋፍላል። ሁሉም የየራሱ ሥርዓት ነበረው። ፎንቱ ከጠፋ ጽሑፉ ልክ እንደ ማሪዮ 40 ኪሎባይት ነው፦ የሚያነበው ማሽን የሌለው ቁጥር።

ያደረግኩት ከጌሞቹ የተማርኩትን ነው። 4 ጊጋባይት የነበረውን ሃርድ ዲስክ እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ገለበጥኩትና ኪው-ኢሙ በተባለው ነጻ ኢሙሌተር አስነሳሁት። ዊንዶውስ 98 ጥቂት ሲያጉረመርም ቆይቶ ተከፈተ፣ ፎንቱም ከነመጻፊያ ፕሮግራሙ እዚያው ቦታው ነበር። ገጹ በአማርኛ ወጣ። ከዚያ የእያንዳንዱን ምልክት ትርጉም በሠንጠረዥ አውጥቶ ወደ ዩኒኮድ መመለስ የጥቂት ቀናት ሥራ ሆነ። የመምህሩ ኮምፒውተር ዛሬ ሙሉ በሙሉ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አለ፤ ለማሪዮም የሚሆን ቦታ ተርፏል።

ስንት እንደዚህ ያለ ኮምፒውተር በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱ መጋዘን ተከምሮ ይገኛል? ከውስጡ የመመረቂያ ጽሑፍ አለ፣ የሰበካ መዝገብ አለ፣ ያልታተመ ልቦለድ አለ። ጌሞቹ የተረፉት የሚወዷቸው ብዙ ልጆች ስለነበሯቸው ነው። የእኛ ሰነዶች እንደዚያ ዓይነት ወዳጅ አላገኙም።

ፍላሽም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። ቁጥሩን የሚይዘው በውስጡ በታሰረ ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ለዓመታት ሳይነካ ከተቀመጠ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ያለው መድኃኒት ደጋግሞ መገልበጥ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ብራና ስለተረፈ አይደለም፤ ቁም ጸሐፊዎች አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን እየጻፉ ስለተቀባበሉት ነው።

ስለዚህ እቤታችሁ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ሃርድ ዲስኩን ንቀሉት። እንዳለ ወደ አንድ ፋይል ገልብጡትና ሁለት የተለያየ ቦታ አስቀምጡት። የምታስነሱበትን መንገድ የማሪዮ ወዳጆች ሠርተው ጨርሰውላችኋል።